በገመድ መቁረጫ ቢላዋ አይታረድም፦ ለመንገድ የሚሆን ቢላዋና አፎት አመራረጥ

በግና ፍየል ጭኖ ከቶጎ ውጫሌ ወደ ሐርጌሳ የሚሄድ ነጋዴ ከመነሳቱ በፊት ብዙ ነገር ያሰናዳል፤ ውሃ፣ ገመድ፣ ትርፍ ጎማ፣ የጤና ወረቀት። ቢላዋ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው በመጨረሻ ነው። ረዳቱ ሽንኩርት የሚከትፍበት፣ ማዳበሪያ የሚቀድበት፣ ሲባጎ የሚቆርጥበት አንድ ቢላዋ በጨርቅ ተጠቅልሎ ወንበር ሥር ይወሸቃል። ጉዞው ደህና ከሆነ ማንም አያስታውሰውም።

ጉዳቱ የሚታየው አንድ ሙክት ከጭነቱ መሃል ወድቆ ሲረገጥ፣ እግሩ ሲሰበር ወይም ሙቀት አዝሎት ትንፋሹ ሲያጥር ነው። ያን ጊዜ ነጋዴው በእጁ ያለው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ነፍሱ ሳትወጣ በሥርዓቱ ከታረደ ሥጋውም ቆዳውም ገንዘብ ይሆናል። ሳይታረድ ከሞተ በክት ነው፤ በሐርጌሳ የሚገዛው ቀርቶ የሚነካው አይገኝም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሙሉ እንስሳ ዋጋ ነው። የጥሩ ቢላዋ ዋጋ ደግሞ ከአንድ ፍየል ዋጋ በእጅጉ ያንሳል። ስለዚህ ቢላዋን እንደ ወጥ ቤት ዕቃ ሳይሆን እንደ ንግድ መሣሪያ ቆጥሮ መግዛት ተገቢ ነው።

የዚህ ትምህርት ፍሬ ሐሳብ አጭር ነው። ለመንገድ የሚወጣ ነጋዴ ሁለት ቢላዋና ሁለት አፎት ያስፈልጉታል። አንዱ ለማረድና ለመግፈፍ ብቻ፣ ሌላው ለገመድ፣ ለእንጨትና ለቀረው የመንገድ ሥራ ሁሉ። ምክንያቱን፣ ከዚያም የእያንዳንዱን አመራረጥ በተራ እንመልከት።

አንድ ቢላዋ ለምን አይበቃም?

ሁለቱ ሥራዎች የሚፈልጉት ስለት የተለያየ ነው። ለማረድ የሚሆን ስለት ለስላሳ፣ ጥርስ የሌለውና ከእጀታው እስከ ጫፉ አንድ ወጥ መሆን አለበት። ሥጋና ጅማት ላይ ሳይዝ፣ ሳይጎትት ማለፍ ይጠበቅበታል። የናይለን ገመድ ግን በጣም በለሰለሰ ስለት ላይ ይንሸራተታል፤ ገመዱን የሚይዘው ሻካራ ድንጋይ ላይ የተሳለ፣ ለዓይን የማይታይ ጥቃቅን ጥርስ ያለው ስለት ነው። አንዱን ስለት ለሁለቱም ማዋል ሁለቱንም ሥራ ማበላሸት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት አሸዋ ነው። በከብት አንገት ላይ የዋለ ገመድ በአቧራና በደቃቅ ጠጠር የተሞላ ነው። አንድ ጊዜ ገመድ የቆረጠ ስለት ላይ ጥፍራችሁን ብታንሸራትቱበት ጉድለቱን ታገኙታላችሁ። ያ ጉድለት አንገት ላይ ሲደርስ ቆዳውን ይጎትታል፣ እንስሳውን ያሠቃያል፣ አራጁንም እንደ መጋዝ እንዲመላለስ ያስገድደዋል። የእስልምና ሥርዓት ስለቱ ስል እንዲሆንና እንስሳው እንዳይሠቃይ አጥብቆ ያዛል፤ ከታራጁ ፊት ቢላዋ መሳልንም ይከለክላል። ቢላዋው አስቀድሞ ተስሎ በአፎቱ ካልተቀመጠ ይህን በመንገድ ዳር መፈጸም አይቻልም።

ሦስተኛው ንጽሕና ነው። ናፍጣ የነካው ማዳበሪያ ሲቀድ የዋለ ቢላዋ ለሥጋ አይሆንም።

የማረጃውና የመግፈፊያው ቢላዋ

ርዝመት። ስለ እንስሳት አስተራረድ የሚመክሩ ባለሙያዎች የስለቱ ርዝመት ከእንስሳው አንገት ስፋት ሁለት እጥፍ ያህል ቢሆን ይመርጣሉ፤ ጫፉ ቁስሉ ውስጥ ሳይገባ በአንድ ጉተታ እንዲያልፍ ነው። ለበግና ለፍየል ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ስለት በቂ ነው። ለበሬ ከዚያ የረዘመ ያስፈልጋል። ግመል የተለየ ነው። በአንገቱ ሥር፣ ከደረቱ በላይ ባለው ጎድጓዳ ስፍራ ተወግቶ ስለሚታረድ ለእርሱ ረጅም፣ ጠንካራና ሹል ጫፍ ያለው ቢላዋ ይፈለጋል። ግመል የምትጭኑ ከሆነ ለበግ የገዛችሁት ይበቃል አትበሉ።

ውፍረት። የቢላዋው ጀርባ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ወፍራም ቢላዋ ጠንካራ ይመስላል፤ ነገር ግን ሥጋን ይሰነጥቃል እንጂ አይቆርጥም። ቢላዋውን ከጫፉ በኩል ወደ ዓይናችሁ አቅንታችሁ ተመልከቱ፤ ከጀርባው ወደ ስለቱ እያነሰ የሚሄድ ሽብልቅ መምሰል አለበት።

ጫፍ። ለመግፈፍ ወደ ላይ የዞረና ትንሽ የተከበበ ጫፍ ይሻላል። ሹል ጫፍ ቆዳን ይበሳል፤ ነጋዴ የማይረሳው ኪሳራም ይኸው ነው። የበግና የፍየል ቆዳ ደረጃ ወጥቶለት ነው የሚሸጠው። ደረጃውን ከሚያወርዱት ጉዳቶች አንዱ በመግፈፍ ጊዜ የሚደርስ የቢላዋ ቁርጥና ጭረት ነው። በሥጋው በኩል የገባ ጭረት እርጥብ ቆዳ ላይ ላይታይ ይችላል፤ ቆዳው ተለፍቶ ሲሳሳ ግን ቀዳዳ ሆኖ ይወጣል። ጥቁር ራስ ያለውን የሶማሌ በግ የመሰለ የጸጉር በግ ቆዳ ስስና ለስላሳ ስለሆነ ስሕተትን አይሸከምም። ስለዚህ በቢላዋ መስመሩን ከፍታችሁ የቀረውን በቡጢ እየገፋችሁ ግፈፉ። ጥሩ መግፈፊያ ቢላዋ ማለት ጥቂት ብቻ የሚሠራ ቢላዋ ነው።

ሰንጢ ለዚህ ሥራ አትግዙ። የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ ደምና ሞራ ይይዛል፣ አይጸዳም፤ መቆለፊያው ሲላላም በጣት ላይ ይዘጋል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ አይዘንጋ። በሐርጌሳ የሚሸጥ ሥጋ በሙስሊም እጅ፣ በሥርዓቱ የታረደ መሆን አለበት። ሾፌሩና ረዳቱ ክርስቲያኖች ከሆኑ ከጫኝ ሠራተኞቹ ወይም ከእረኞቹ መካከል ማን እንደሚያርድ ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ፤ ቢላዋውም በእርሱ እጅ ይሁን። እጅግ ስል የሆነ ቢላዋ ያለ አራጅ ዋጋ የለውም።

የመንገዱ ቢላዋ

ይህኛው አጭርና ወፈር ያለ ይሁን፤ ስለቱ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር፣ ጀርባው ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር። ሥራው ገመድ መቁረጥ፣ እንጨት መጥረብ፣ ጠፍር መብሳት፣ እሾህ መመንጠር ነው። የማይታጠፍ፣ አንድ ወጥ ቢላዋ ምረጡ።

ዋናው ፈተናው ገመድ አንገቱ ላይ የተጠመጠመበትን እንስሳ ማዳን ነው። በካሶኒው ውስጥ ሌሎቹ እየገፉት የሚንፈራገጥ ፍየል ዘንድ ሹል ቢላዋ ይዞ መግባት አደጋ ነው። ስለዚህ ጫፉ የደፈነ ወይም ከጀርባው ወደ ስለቱ ቁልቁል የወረደ ቢሆን ይመረጣል። አቆራረጡም እንዲህ ነው፦ የቢላዋውን ጀርባ ወደ እንስሳው አንገት አድርጋችሁ ከገመዱ ሥር አስገቡት፤ ስለቱን ወደ ውጭ፣ ከእንስሳውም ከራሳችሁም አርቃችሁ ሳቡት።

በሶማሌ ባህል በወገብ የሚታጠቁት ቶሬይና ቢላዌ የሚባሉ ጩቤዎች አሉ፤ በአፋሮች ዘንድም ጊሌ አለ። ያማሩ ዕቃዎች ናቸው። ቢላዌ የሚለው ስም ከእኛ ቢላዋ ጋር ቢቀራረብም እነዚህ በሁለቱም በኩል ስለት ያላቸው መሣሪያዎች ናቸው፤ የተሠሩት ለጌጥና ለጠብ ነው። ለእንስሳት ሥራ የሚሆን ቢላዋ አውራ ጣት የሚያርፍበት ደንዳና ጀርባ ያስፈልገዋል። ሁለት ስለት ያለው ጩቤ ገመድ ሥር ሲገባ አንገቱንም ይቆርጣል።

ብረቱን መለየት

በገበያ ላይ በደፈናው ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ።

የመጀመሪያው ካርቦን የበዛበት ተራ ብረት ነው። በቀላሉ ይሳላል፣ ጥሩ ስለትም ይይዛል፤ ግን ይዝጋል። የመኪና ባሌስትራ ከዚህ ወገን ነው፤ ካርቦኑ ከመቶ ግማሽ እጅ በላይ ስለሆነ በእሳትና በዘይት ይጠነክራል። አሮጌ ሞረድ ከዚያም የበለጠ ካርቦን አለው፤ ስለቱ ብርቱ ነው፣ በደንብ ካልለዘበ ግን እንደ ጠርሙስ ይሰበራል።

ሁለተኛው የማይዝግ የቢላዋ ብረት ነው። በደንብ የተሠራው ለማረጃ ምርጥ ነው፤ ይታጠባል፣ ደም አይበላውም።

ሦስተኛው ቢላዋ የሚመስል ነገር ነው። ከፌሮ ወይም ከላሜራ የተቆረጠ፣ ቢሳልም ከሁለት በግ በኋላ የሚደንዝ ነው። የግንባታ ፌሮ ካርቦኑ ትንሽ ስለሆነ በእሳት ቢገባም አይጠነክርም።

እንዴት ትለያላችሁ? ትንሽ ሞረድ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩን አስፈቅዳችሁ በእጀታው አጠገብ ባለው የስለቱ ጥግ ላይ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ሞረዱ እንደ መስታወት ላይ ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንክሯል። ነክሶ ብናኝ ካወጣ ለስላሳ ነው፤ ተዉት። ማግኔት የማይዘው የማይዝግ ብረት ለማንኪያና ለድስት እንጂ ለቢላዋ አይሆንም፤ ማግኔት ያዘው ማለት ግን ጥሩ ነው ማለት አይደለም፣ ፌሮንም ማግኔት ይይዘዋልና። ማግኔት መጥፎውን ለመጣል እንጂ ጥሩውን ለማጽደቅ አይበቃም። በላዩ ላይ እንደ ውሃ ሞገድ የተሳለበት ቢላዋ ሲቀርብላችሁም በመልኩ አትታለሉ። ሞገዱ ተደራርቦ ከተቀጠቀጠ ብረት ሊመጣ ይችላል፤ በአሲድ የተነቀሰ ሥዕልም ሊሆን ይችላል። የሚፈርደው ሞረዱ ነው።

የምትሄዱበትንም አገር አስቡ። ሐርጌሳ ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች፣ አየሯ ደረቅ የሆነ ከተማ ናት፤ ተራ ብረት በዘይት ከታሸ እዚያ ብዙ አይቸገርም። ጭነታችሁ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ በርበራ የሚደርስ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። የባሕሩ ጨውና ወበቅ ተራውን ብረት በአንድ ሌሊት ያዝገዋል። በርበራ የሚመላለስ ነጋዴ ማረጃው የማይዝግ ቢሆንለት ይመከራል።

እጀታው

ብዙ ቢላዋ የሚበላሸው በስለቱ ሳይሆን በእጀታው ነው። ብረቱ በእጀታው ውስጥ እስከ መጨረሻው የዘለቀ መሆኑን አረጋግጡ። ከጀርባው ስታዩት የብረቱ መስመር በሁለቱ እንጨት መካከል ከዳር እስከ ዳር መታየት አለበት፤ ቢያንስ በሁለት፣ ቢቻል በሦስት ሪቬት የተያዘ ይሁን። ውስጡ በተደበቀ ቀጭን ጭራ ላይ በሙጫ ብቻ የተጣበቀ እጀታ ግመል ሲታረድ ይነቀላል። ጭራው በብየዳ የተቀጠለ ከሆነ ዋጋው ቢረክስም አትግዙት።

ለማረጃው በቄራዎች እንደሚታየው ክፍተት የሌለው የፕላስቲክ እጀታ ይሻላል። ለመንገዱ የወይራ እንጨት ወይም ቀንድ ጥሩ ነው፤ ሪቬቱ ግን በጣት ሲዳሰስ የማይታወቅ፣ ከእንጨቱ ጋር እኩል የሆነ ይሁን። ከዚያ እጃችሁን በውሃ አርጥባችሁ ያዙትና ጨብጡ። ደም ከውሃ የበለጠ ያንሸራትታል፤ በውሃ ካዳለጣችሁ በደም አታምኑት። በስለቱና በእጀታው መካከል ጣትን የሚያግድ ትንሽ ጉብታ መኖሩንም እዩ።

በቀጥቃጭ ማሠራት

በሶማሊኛ ቱማል የሚባሉት ብረት ቀጥቃጮች ሙያቸው ዘመናትን ያስቆጠረ ነው። በእኛም አገር እንደሆነው ሁሉ ሰው በሥራቸው እየተጠቀመ እነርሱን ሲያቃልል ኖሯል፤ ይህን ትታችሁ በአክብሮት ብትቀርቡ የተሻለ ሥራ ታገኛላችሁ። ማሠራት ከመግዛት የሚሻለው መጠኑን፣ ጫፉንና እጀታውን ለሥራችሁ ስለምትወስኑ ነው።

ሲያሠሩ አራት ነገር ተነጋገሩ። አንደኛ፣ ብረቱ ባሌስትራ ይሁን፤ ከየት መኪና እንደ ወጣ የምታውቁትን ራሳችሁ ብትወስዱ ይመረጣል። ብዙ ዘመን የተሸከመ ባሌስትራ የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ስለሚችል ቀጥቃጩ በመዶሻ መታ አድርጎ ድምፁን ይስማ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ደህና ነው፣ የታፈነ ድምፅ ስንጥቅን ይጠቁማል። ሁለተኛ፣ ሲጠነክር በውሃ ሳይሆን በዘይት ይጠመቅ፤ ባሌስትራ በውሃ በድንገት ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሦስተኛ፣ ከጠነከረ በኋላ ብረቱ የገለባ ቀለም እስኪያወጣ በቀስታ ሞቆ ይለዝብ። ይህ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትንሽ ያለፈ ሙቀት ነው፤ ካልተደረገ ስለቱ ይሸራረፋል። አራተኛ፣ ስለቱ በኤሌክትሪክ ግራይንደር ከተሞረደ በየጊዜው ውሃ ውስጥ ይነከር። ብረቱ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄዷል፤ ያ ክፍል ተሞርዶ እስኪወገድ ድረስ ስለት አይይዝም።

አፎቱ የቢላዋው ግማሽ ነው

ብዙዎች ቢላዋውን ተከራክረው ይገዙና አፎቱን እንደ ምራቂ ይቀበላሉ። ሆኖም ስል ቢላዋ ያለ ደህና አፎት ወይ ይደነዝዛል ወይ ሰው ይጎዳል። ረዳት በካሶኒው ጠርዝ ላይ ሲወጣ፣ በእንስሳት መካከል ሲንሸራተት፣ ሲወድቅ አስቡት። በዚያች ቅጽበት ከጭኑና ከስለቱ መካከል ያለው አፎቱ ብቻ ነው።

የመንገዱ ቢላዋ አፎት ከቆዳ ይሁን። በእንጨት ልጥ የተለፋ፣ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ ሲታጠፍ የማይሰነጠቅ ቆዳ ፈልጉ። በጨው ደርቆ ያልተለፋ ጥሬ ቆዳ አትቀበሉ። ጠንካራ ይመስላል፤ ጨዉ ግን ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ብረቱን ያዝገዋል፣ ሲረጥብም ይለሰልስና ቅርጹን ያጣል። ስፌቱን ስትመረምሩ በሁለቱ ቆዳዎች መካከል፣ ስለቱ በሚያርፍበት ጠርዝ በኩል፣ ሦስተኛ ጠፍር መግባቱን እዩ። ይህ ጠፍር ከሌለ ስለቱ ቢላዋው በገባና በወጣ ቁጥር ክሩን ይቆርጣል፤ አንድ ቀን አፎቱ ይከፈትና ስለቱ ይወጣል። ክሩ በሰም የታሸ፣ የአፎቱ አፍ በሪቬት የተጠናከረ ይሁን።

የማረጃው አፎት ግን ከሚታጠብ ነገር መሠራት አለበት። ቆዳ ደምና ሞራ ይመጥጣል፤ ይሸታል፣ ዝንብ ይጠራል፣ የታጠበውንም ቢላዋ መልሶ ያቆሽሻል። ጠንካራ የፕላስቲክ አፎት ካላገኛችሁ የፒቪሲ የውሃ ቧንቧ ርካሽ መፍትሔ ነው። ቁራጩን ውጭ፣ ነፋስ ባለበት ቦታ፣ በጋለ አየር ወይም ከፍም ራቅ አድርጋችሁ አሙቁት። ሲለሰልስ በቢላዋው ውፍረት ልክ በሁለት ጣውላ መካከል ተጫኑትና እስኪቀዘቅዝ ያዙት። እሳት እንዳይነካው ተጠንቀቁ፤ የሚቃጠል ፒቪሲ ጭሱ መርዝ ነው። ከታች ውሃ የሚወርድበት ቀዳዳ ይኑረው።

ለሁለቱም አፎቶች ሦስት ፈተና አለ። ቢላዋውን አስገብታችሁ ዘቅዝቃችሁ አራግፉት፤ መውደቅ የለበትም። በአንድ እጅ ምዘዙት፤ ሌላው እጅ እንስሳ ይዟልና ሁለት እጅ የሚጠይቅ አፎት አይሆንም። መልሳችሁ ስታስገቡት ጣታችሁ ከአፎቱ አፍ ርቆ መቆየት አለበት።

አፎቱን ስትታጠቁ በጎን በኩል፣ ጫፉን ቁልቁል አድርጉ። ከፊት በብሽሽት በኩል አይሁን፤ ጎንበስ ስትሉ ወደ ሆድ ይገፋል። ከኋላ በአከርካሪ ላይም አይሁን፤ በጀርባ የወደቀ ሰው ራሱን ይጎዳል። የእንስሳ ቀንድ የሚይዘው የተንጠለጠለ ማሰሪያ ካለ ቁረጡት።

አሳሳልና አያያዝ

ሁለት ገጽ ያለው የመሳያ ድንጋይ ግዙ፤ አንዱ ሻካራ፣ አንዱ ልስልስ። የመንገዱን ቢላዋ በሻካራው ስላችሁ ተዉት፤ ገመድ የሚይዘው ያ ነው። ማረጃውን በሻካራው ጀምራችሁ በልስልሱ ጨርሱ፤ ከዚያ የቀበቶ ቆዳ ውስጠኛ ገጽ ላይ ስለቱን ወደ ኋላ እየጎተታችሁ አሥር ጊዜ ያህል አመላልሱ።

ማዕዘኑን ለማግኘት ቢላዋውን ድንጋዩ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፤ ግማሹን አዘንብሉ፣ እንደገና ግማሹን አዘንብሉ። ይህ 22 ዲግሪ ያህል ነው፤ ለገመዱ ይሆናል። ለማረጃው ከዚያ ትንሽ ዝቅ አድርጉት። ከመነሳታችሁ በፊት በጋዜጣ ወረቀት ሞክሩት፤ ማረጃው ወረቀቱን ሳይቀድ ከእጀታው እስከ ጫፉ በአንድ ጉዞ መቁረጥ አለበት። የሚይዝበት ቦታ ካለ እዚያ ጉድለት አለ። ሁሉም የሚሳለው ከጉዞ በፊት፣ በቤት ነው፤ መንገድ ላይ፣ በእንስሳው ፊት አይደለም።

ቢላዋውን ወደ አፎቱ የምትመልሱት ታጥቦና ደርቆ ብቻ ነው። ተራ ብረት ከሆነ ጥቂት የምግብ ዘይት ቀቡት፤ የሞተር ዘይት ሥጋ የሚነካ ቢላዋ ላይ አይደረግም። ለረጅም ጊዜ ስታስቀምጡት ከቆዳ አፎቱ አውጡት።

ደምና በሽታ

ቢላዋ ገንዘብ የሚያድነው የተጎዳውን እንስሳ ስታርዱ ነው፤ የታመመውን ስታርዱ ግን ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። እግሩ የተሰበረና የተረገጠ አንድ ነገር ነው። ትኩሳት ያለው፣ የሚያስወርድ፣ ወይም በድንገት ሞቶ ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው ጥቁር ደም የሚወጣ ሌላ ነገር ነው። ይህ የመጨረሻው የአባ ሰንጋ ምልክት ነው፤ በድኑን መክፈት ተሕዋሲውን በአካባቢው መዝራት ስለሆነ ቢላዋ ፈጽሞ አይነካውም። ለእንስሳት ሐኪም አሳውቁ።

የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትም በታመመ እንስሳ ደም አማካይነት አራጁን ይይዛል። ይህ በሽታ ለዚህ ንግድ ምን ማለት እንደሆነ ነባሮቹ ያውቁታል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ሳዑዲ ዓረቢያ ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄደውን የቁም እንስሳ ያገደችው በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ እገዳው የተነሳው በ2009 ነው። የታረደውም ቢሆን ሐርጌሳ ሲደርስ የሥጋ መርማሪ ሳያየው አይሸጥ።

ሁለት እንስሳ ካረዳችሁ በመካከሉ ቢላዋውን እጠቡ። ቄራዎች ቢላዋ የሚያጠሩበት ውሃ ቢያንስ 82 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ መንገድ ላይ የፈላ ውሃ ያንኑ ይሠራል። መጀመሪያ ደሙን በቀዝቃዛ ውሃ አስወግዱ፤ ሙቅ ውሃ ደሙን ብረቱ ላይ ያደርቀዋልና።

ከመክፈላችሁ በፊት

በሐርጌሳ መሃል የሚገኘው ትልቁ የዋሂን ገበያ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2022 ሌሊት በእሳት ከወደመ በኋላ ብዙ ሻጮች ወደ ሌሎች ገበያዎችና ጎዳናዎች ተበትነው ነበር። ስለዚህ ከማን እንደምትገዙ አስቡ። በሚቀጥለው ጉዞ ተመልሳችሁ የምታገኙት፣ ቢደነዝዝ የምትጠይቁት ሻጭ ከርካሹ ይሻላል። የሰይላዳውን ዲላል መጠየቅም አይጎዳም፤ በየቀኑ ከብት ገበያ የሚውል ሰው የማን ቢላዋ እንደሚቆይ ያውቃል።

ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት እነዚህን በቅደም ተከተል ፈትሹ፦

1. ሞረድ ተንሸራተተ ወይስ ነከሰ?
2. ብረቱ በእጀታው ውስጥ እስከ መጨረሻ ዘልቋል? ብየዳ የለውም?
3. በረጠበ እጅ ሲያዝ ያዳልጣል?
4. ከጫፉ ሲታይ ስለቱ ቀጥ ያለ ነው? አልተጣመመም?
5. አፎቱ ሲዘቀዘቅ ይይዘዋል? በአንድ እጅ ይመዘዛል?
6. የማረጃው አፎት ይታጠባል? የመንገዱ አፎት ስለቱ ባለበት በኩል ጠፍር አለው?

በመጨረሻ ስለ ኬላ። ወገብ ላይ የታጠቁት ቢላዋ በፍተሻ ቦታ ጥያቄ ይጋብዛል፤ በድንበር ላይ ደግሞ ጥያቄ ማለት ጭነት በፀሐይ መቆም ማለት ነው። ከቶጎ ውጫሌ በፊትና ሐርጌሳ ከተማ ስትገቡ ሁለቱንም ቢላዋ በአፎታቸው አድርጋችሁ ከመፍቻና ከክሪክ ጋር በመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ አኑሩ፤ ሲጠየቅም ሣጥኑን ከፍታችሁ አሳዩ። በጉዞ ላይ ግን የሣጥኑ ቁልፍ ከሾፌሩ ኪስ ሳይሆን ከአራጁ ዘንድ ይሁን። የወደቀ ሙክት ቁልፍ እስኪፈለግ አይጠብቅም።